የአየር ሁከት ያድጋል ወይስ ይከስማል? ንብርብሩን እንዴት እናንብብ

ሁለት የአየር ሁከቶች አሉ እንበል። ቻርት ላይ ሲታዩ እኩያ ናቸው። ግፊታቸው እኩል ዝቅ ብሏል፣ በዙሪያቸው ያለው ነፋስም ያው ነው። በማግስቱ አንደኛው ትልቅ አውሎ ነፋስ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ጥቂት ዳመና በትኖ ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያለው ሁከቱ ውስጥ ሳይሆን የገባበት አየር ውስጥ ነው። አየሩ ከመሬት እስከ ላይ እንዴት ተነባብሯል? ሞቃቱ የት ነው፣ ቀዝቃዛው የት ነው፣ እርጥቡስ? እዚህ የምጽፈው ይህን ንብርብር አንብባችሁ ስለ ሁከቱ ዕድል የራሳችሁን ፍርድ እንዴት እንደምትሰጡ ነው።

ሥራዬ የአየር ትንበያ ነው። ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የባሉን ልኬት ነው፤ ሳተላይቱም የኮምፒውተር ሞዴሉም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች በዚህ ቅደም ተከተል ይገረማሉ። ሞዴል እኮ ሁሉንም አስልቶ ያቀርባል ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ሞዴሉ ሲሳሳት የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ንብርብር ላይ ነው። ልኬቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ስህተቱን በጊዜ ይይዘዋል።

መጀመሪያ ልኬቱ

አብዛኞቹ የዓለም የላይ አየር ጣቢያዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ለ00 እና ለ12፣ ማለትም ለእኩለ ሌሊትና ለቀትር፣ ባሉን ይለቃሉ። ባሉኑ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ እየወጣ ራዲዮሶንድ የምትባል ቀላል መሣሪያ ይዞ ይሄዳል። መሣሪያዋ ሙቀትና እርጥበት እየለካች ትልካለች። ነፋሱ የሚታወቀው ደግሞ እሷ ራሷ ወዴት እንደተወሰደች በመከታተል ነው። 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ባሉኑ ይፈነዳል። ውጤቱን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። በብዛት የሚቀርበውም ስኪው ቲ በሚባለው ቻርት ነው።

ቻርቱን ስትከፍቱ በመስመሮቹ ብዛት አትደንግጡ። ከጀርባ ያሉትን ለጊዜው እርሷቸው። ደምቀው የተሳሉት ሁለት ናቸው። የቀኙ ሙቀት ነው፣ የግራው የጤዛ ነጥብ ነው፤ ማለትም አየሩ ቢቀዘቅዝ በእርጥበት የሚጠግብበት ሙቀት። ሁለቱ ሲጠጋጉ አየሩ እርጥብ ነው። ሲራራቁ ደረቅ ነው።

ከዚያ ልኬቱ ሲወሰድ እዚያ ቦታ ፀሐይ የት እንደነበረች አስቡ። በዓለም አቀፍ ሰዓት 12 አንዱ ጋ ንጋት ነው፣ ሌላው ጋ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላው ጋ ሌሊት። ንጋት ላይ በተወሰደ ልኬት መሬቱ ሌሊቱን ስለቀዘቀዘ ከታች ጥቂት መቶ ሜትር ያህል ሙቀቱ ወደ ላይ ሲጨምር ታያላችሁ። ይህን ኢንቨርዥን እንለዋለን። ፀሐይ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል። ስለዚህ በንጋት ልኬት ላይ ተመርኩዛችሁ አየሩ የተረጋጋ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የዛሬውን ከፍተኛ ሙቀት ገምቱና የታችኛውን ክፍል በዚያ ልክ አስተካክላችሁ ድጋሚ አንብቡት።

ንብርብሩን በቁጥር መለካት

መታወቅ ያለባቸው ሁለት መጠኖች አሉ። ደረቅ አየር፣ ማለትም እርጥበት ያልጠገበ፣ ወደ ላይ ሲወጣ በየኪሎ ሜትሩ 9.8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እርጥበት የጠገበ አየር ግን ሲወጣ ተኑ ወደ ውሃ ስለሚለወጥና ሙቀት ስለሚለቅ የሚቀዘቅዘው ያነሰ ነው። ከታች ባለው ሞቃት አየር 4 ወይም 5 ዲግሪ ገደማ፣ ከላይ ባለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ደረቁ መጠን ይጠጋል። የዓለም አቀፉ መደበኛ ከባቢ አየር 6.5 ነው፤ ማለትም በሁለቱ መካከል። ነገሩ ሁሉ የሚያጓጓውም በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛው አየር ደረቅ አየር ሲወጣበት የተረጋጋ ነው፤ የወጣው ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቅዞ ይመለሳል። የጠገበ ሲወጣበት ግን ላይሆን ይችላል። ያው አየር እርጥበት ሲገባው ፀባዩ ይለወጣል።

ከፍታን የምንጠራው በግፊት ነው፤ መለኪያው ሄክቶፓስካል ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ያንሳል። አሁን ከ700 እስከ 500 ሄክቶፓስካል ያለውን ንብርብር ውሰዱ። ውፍረቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ700 ላይ 9 ዲግሪ፣ በ500 ላይ −8 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 17 ነው፤ ለ2.7 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 6.3 ይሆናል። መካከለኛ ነው። በሌላ ቀን 700 ላይ ያው 9 ሆኖ 500 ላይ −14 ብታገኙ ወደ 8.5 ይወጣል። ይህ ለደረቁ ገደብ የተጠጋ፣ ልል የሆነ ንብርብር ነው። እኔ ከ7 በላይ ሳይ ጆሮዬ ይቆማል። ከ5.5 በታች ሲሆን እዚያ ንብርብር ውስጥ ትልቅ ነገር አልጠብቅም።

አንድ እርምጃ እንግባ። ፖቴንሻል ሙቀት የሚባለው አየሩ ሙቀት ሳይሰጥና ሳይቀበል ወደ 1000 ሄክቶፓስካል ቢመጣ የሚኖረው ሙቀት ነው። በመጀመሪያው ቀን 700 ላይ 312 ኬልቪን፣ 500 ላይ 323 ኬልቪን ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ለከፍታው በሜትር አካፍሉ፣ በ9.81 አባዙ፣ ለአማካዩ ፖቴንሻል ሙቀት አካፍሉ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ውሰዱ። የሚመጣው በሰከንድ 0.011 ነው። ለሁለተኛው ቀን ስታሰሉት 0.0065 ይመጣል። ይህ ቁጥር የብረንት–ቫይሳላ ድግግሞሽ ይባላል፤ በዌልሱ ዴቪድ ብረንትና በፊንላንዱ ቪልሆ ቫይሳላ ስም። ትርጉሙ ቀላል ነው። አየሩን ወደ ላይ ብትገፉት ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቅዞ ይከብድና ይመለሳል። ሲመለስ አልፎ ይወርዳል፣ ሞቆ ይቀልና እንደገና ይወጣል። 0.011 ማለት አንዱ ምልልስ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። በ0.0065 ከ16 ደቂቃ ያልፋል። ከትሮፖፖዝ (ከታችኛው ከባቢ አየር ጣሪያ) በላይ፣ በስትራቶስፌር ውስጥ፣ ድግግሞሹ 0.02 ገደማ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ነጎድጓዳማ ዳመና እዚያ ሲደርስ አናቱ ጠፍጥፎ ወደ ጎን የሚዘረጋው በዚህ ጥንካሬ ምክንያት ነው።

ለነጎድጓድ፦ አየሩን በእጅ እንደማንሳት

እዚህ ትንሽ ልቆይ። ከታች ያለውን አየር በሐሳብ ቆርጣችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። 1000 ሄክቶፓስካል ላይ ሙቀቱ 30፣ የጤዛ ነጥቡ 20 ነው እንበል። የሁለቱ ልዩነት 10 ነው። በ125 ስታባዙት 1250 ሜትር ይመጣል። የዳመናው መሠረት በግምት እዚያ ነው። እስከዚያ በየኪሎ ሜትሩ 9.8 ሲቀንስ 18 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ጠግቧልና በጠገበው መጠን ይቀዘቅዛል። ቻርቱ ላይ ጠምዘዝ ያሉትን የእርጥብ መስመሮች ተከትላችሁ 500 ላይ ስትደርሱ ወደ −4 ዲግሪ አካባቢ ታገኙታላችሁ።

አሁን በ500 ላይ አካባቢው ስንት ነው? −8 ከሆነ የወጣው አየር በ4 ዲግሪ ይሞቃል፤ ስለዚህ ቀላል ነው፣ መውጣቱን ይቀጥላል። −1 ከሆነ ግን የወጣው በ3 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ይከብዳል፣ ይቆማል። ልብ በሉ፣ መሬት ላይ ያለ ሰው በሁለቱም ቀን የሚሰማው ሙቀትና ወበቅ አንድ ዓይነት ነው። ቀኑን የለየው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰባት ዲግሪ ነው።

የወጣው አየር ከአካባቢው የሚሞቅበት ስፋት በሙሉ ተደምሮ ኬፕ ይባላል፣ በጁል በኪሎ ግራም ይለካል። ኬፑን በሁለት አባዝታችሁ ስኩዌር ሩት ብትወስዱ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ሊደርስበት የሚችለውን የፍጥነት ጣሪያ ታገኛላችሁ። ለ1000 ጁል በሰከንድ 45 ሜትር ነው። እውነተኛው ዳመና ከዚህ በጣም ያነሰ ይሆናል፤ ዙሪያውን ካለው ደረቅ አየር ጋር ይቀላቀላል፣ የተሸከመው ውሃም ይጎትተዋል። ቢሆንም ለንጽጽር ጥሩ መለኪያ ነው።

ንብርብሩን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልሉ ኬ ኢንዴክስና መሰሎቹ አሉ። እጠቀምባቸዋለሁ፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ንብርብሮች አንድ ዓይነት ኢንዴክስ ሊሰጡ ይችላሉ። ከቁጥሩ በፊት መስመሩን እዩ።

ክዳኑ

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኬፑ ትልቅ ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ አንዲት ዳመና ሳትታይ ልትውል ትችላለች። ምክንያቱ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል የተቀመጠ ሞቃት ንብርብር ነው። እንደ ድስት ክዳን ከታች ያለውን ይይዘዋል። ክዳኑን ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ሲን ይባላል። 50 ጁል ማለት አየሩ ክዳኑ ስር ሲደርስ በሰከንድ 10 ሜትር ወደ ላይ እየተወረወረ መሆን አለበት ማለት ነው። 200 ጁል ከሆነ 20 ሜትር። በፀሐይ ሙቀት ብቻ የሚነሳ አየር ብዙውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር አያልፍም። ታዲያ ክዳኑ እንዴት ይሰበራል?

በዝግታ ነው። ሁከት ሲመጣ ከፊቱ ያለውን አየር በሰፊው ያነሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ምንም አይመስልም። ግን አስሉት። በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ለአምስት ሰዓት 540 ሜትር ነው። ክዳኑ ውስጥ ሙቀቱ ከከፍታ ጋር የማይለወጥ ከሆነ፣ ደረቁ አየር 540 ሜትር ሲነሳ ያ ንብርብር 5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጠንካራ የነበረ ክዳን ከሰዓት በኋላ የለም። ለዚህ ነው ሲን ትልቅ ነው ብዬ ሁከቱን የማልሰርዘው። የምጠይቀው ሁከቱ ስንት ሰዓት ይቀረዋል፣ ከፊቱስ ምን ያህል ያነሳል የሚለውን ነው።

ክዳን ደግሞ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። እርጥበቱና ሙቀቱ ቀስ በቀስ በትንሽ ዳመና እንዳይባክን ይጠብቀዋል። ዘግይቶ ሲሰበር የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። አንዳንዶቹ እጅግ ከባድ ነጎድጓዶች የሚመጡት ረፋዱን ሰማዩ ጥርት ብሎ በዋለበት ቀን ነው።

ሌላም አለ። ከታች እርጥብ፣ ከላይ ደረቅ የሆነ ንብርብር እንዳለ ሲነሳ ታችኛው ክፍል ቀድሞ ይጠግባል። ከዚያ ወዲያ ታችኛው በዝግታ ይቀዘቅዛል፣ ላይኛው ግን በ9.8 ፍጥነት። ስለዚህ መነሳቱ ራሱ ንብርብሩን ያላላዋል። ቻርቱ ላይ ምልክቱ የማያሻማ ነው፦ ሁለቱ መስመሮች ከታች ተጠግተው ይመጡና አንድ ከፍታ ላይ የግራው በድንገት ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን ሳይ ቦታውን በብዕሬ እከብበዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምከታተለው እሱን ነው።

ለትልልቆቹ ሁከቶች

ንብርብር ሲባል ብዙ ሰው ነጎድጓድን ብቻ ያስባል። በመካከለኛ ኬክሮስ የሚሽከረከሩት የሺህ ኪሎ ሜትር ዝቅተኛ ግፊቶችም የሚያድጉት በዚሁ ፈቃድ ነው። ይህን በሒሳብ ያሳዩት የአየር ሳይንቲስቶቹ ጁል ቻርኒ በ1947 እና ኤሪክ ኢዲ በ1949 ናቸው።

እነዚህ ሁከቶች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ጎን ለጎን ከመኖራቸው ነው። ሞቃቱ ወደ ዋልታ እየሄደ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ወገብ እየሄደ ይወርዳል። ለማደግ ደግሞ የታችኛው ዝቅተኛ ግፊትና ከላይ ያለው የጄት ስትሪም (የፈጣኑ ነፋስ ጅረት) ማዕበል መደጋገፍ አለባቸው። አንዱ የሌላውን ነፋስ ካልተሰማው ሁለቱም ለየብቻ ይንሳፈፋሉ። መሰማማታቸውን የሚወስነው ንብርብሩ ነው። የሁከቱን አግድም ስፋት በኮሪዮሊስ መጠን (የምድር መሽከርከር በነፋስ ላይ ያለው ተፅዕኖ መለኪያ) አባዙና ለብረንት–ቫይሳላ ድግግሞሽ አካፍሉ። ተፅዕኖው በቁመት ምን ያህል እንደሚደርስ ታገኛላችሁ። 43 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ኮሪዮሊስ 0.0001 ነው። የ500 ኪሎ ሜትር ሁከት በ0.011 ንብርብር ውስጥ 4.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይደርሳል። የጄቱ ማዕበል 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ አይገናኙም። በ0.0065 ግን 7.7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መነካካት ጀመሩ ማለት ነው።

የእድገቱን ፍጥነት ኢዲ በአንድ መስመር አስቀምጦልናል፦ 0.31 በኮሪዮሊስ፣ ያ ደግሞ ነፋሱ ከከፍታ ጋር በሚጨምርበት መጠን ይባዛል፣ ለብረንት–ቫይሳላ ድግግሞሽ ይካፈላል። ነፋሱ በየኪሎ ሜትሩ በሰከንድ 3 ሜትር ይጨምራል እንበል። በ0.011 ሁከቱ በ23 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ0.0065 በ13 ሰዓት ተኩል። በጣም በፍጥነት የሚያድገው የማዕበል ርዝመትም 4300 ኪሎ ሜትር ከነበረበት ወደ 2500 ያንሳል። ንብርብሩ ሲላላ ትንንሾቹ ሁከቶች ያሸንፋሉ፤ ለትንበያ ሰው ደግሞ ትንሽና ፈጣን ማለት ለማስጠንቀቅ ያለው ጊዜ አጭር ነው ማለት ነው። እዚህ አንድ ንብርብር ብቻ የወሰድኩት ለማሳያ ነው። በሥራ ላይ ከ850 እስከ 300 ሄክቶፓስካል ያለውን አማካይ ውሰዱ።

እርጥበት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። አየሩ እየጠገበ በሚወጣበት ክፍል የንብርብሩ ተቃውሞ አብዛኛው ይጠፋል። የሚወጣው ክፍል ይጠብባል፣ ይጠነክራል፣ ግፊቱም በፍጥነት ይወርዳል። ፍሬድ ሳንደርስና ጆን ጋያኩም በ1980 ቦምብ ብለው የሰየሟቸው አውሎ ነፋሶች፣ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ መለኪያ በ24 ሰዓት ቢያንስ 24 ሄክቶፓስካል የሚወርዱት፣ በአብዛኛው የቀዝቃዛ ወቅትና የባሕር ላይ ናቸው። ከታች ሞቃት ውሃ፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር፤ ንብርብሩ ከሁለቱም በኩል ይላላል። የዋልታ አካባቢ ትንንሽ አውሎ ነፋሶችም እንዲሁ ናቸው። ስፋታቸው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሆኖ በአንድ ቀን ውስጥ ተወልደው ይጠነክራሉ። እነሱን ለመጠርጠር የባሕሩን ወለል ሙቀትና የ500 ሄክቶፓስካልን ሙቀት አነጻጽሩ። ልዩነቱ 43 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን ተጠንቀቁ።

ወደ ምድር ወገብ ስንጠጋ የኢዲ ስሌት አያገለግልም። ኮሪዮሊስ ትንሽ ነው፣ የሙቀት ልዩነቱም ትንሽ ነው። እዚያ ሁከት የሚያድገው በነጎድጓዶቹ በኩል ስለሆነ ወደ ኬፑ፣ ወደ ክዳኑና ከሁሉም በላይ ወደ መካከለኛው እርጥበት ተመለሱ። 700 እና 600 ሄክቶፓስካል ላይ ሁለቱ መስመሮች በሰፊው ከተራራቁ፣ ደረቁ አየር ወደ ዳመናው እየገባ ያቀዘቅዘዋል። ሁከቱ ኬፕ እያለውም አይደራጅም።

ነፋሱንም አብራችሁ እዩ

ንብርብር ብቻውን አይፈርድም። የብረንት–ቫይሳላን ስኩዌር፣ ነፋሱ ከከፍታ ጋር ለሚለወጥበት መጠን ስኩዌር ብታካፍሉ የሪቻርድሰን ቁጥር ይመጣል። ከ0.25 በታች ሲወርድ ንብርብሩ በነፋሱ ሊቀደድና ወደ ትንንሽ ሽክርክሪት ሊለወጥ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ጥርት ባለ ሰማይ የሚሰማው መናጥ ከዚህ ይመጣል። ቀጭን ንብርብሮች ውስጥ ፈልጉት፤ ሰፊ አማካይ ይደብቀዋል።

ሁሉንም ካያችሁ በኋላ፣ ሞዴሉን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ሦስት መስመር ጻፉ። የትኛው ንብርብር ልል ነው? ክዳኑ የት ነው፣ ምን ያህልስ ያቅፋል? እርጥበቱ እስከ የት ይደርሳል? ከዚያ ሞዴሉን ክፈቱና ለዚያው ሰዓትና ለዚያው ቦታ የሚያሳየውን ንብርብር ከባሉኑ ጋር አስተያዩ። 500 ላይ ሞዴሉ ከባሉኑ 2 ዲግሪ ከሞቀ የሁከቱን እድገት አሳንሶ ሊያሳያችሁ ይችላል። ክዳኑን ቀጭንና ለስላሳ አድርጎ ካሳየ ደግሞ ነጎድጓዱን አስቀድሞ ሊያስነሳው ይችላል። ከ12 ሰዓት በኋላ አዲሱ ልኬት ሲመጣ በአሮጌው ላይ ደርባችሁ ሳሉት። 500 ቀዝቅዞ 850 ከሞቀ ወይም ከረጠበ፣ ሁከቱ ገና ሩቅ ቢሆንም ማስጠንቀቂያውን ከወዲሁ ማዘጋጀት ጀምሩ።